ለአርቢና ለገበሬ የሚስማማ ሰንጢ ስለ መምረጥ

በሐርጌሳ ከተማ ከ31 ሜይ ወረዳ ተነሥቶ በጎቹንና ፍየሎቹን ወደ ገበያ የሚነዳ አርቢ በኪሱ ሰንጢ ቢይዝ ገመድ ይቆርጥበታል፤ ያደገውን ሸሆና ያስተካክልበታል፤ ሲያርድም ቆዳ ይገፍበታል። ነገር ግን ሰንጢው ያለ ምርመራ የተገዛ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከዋጋው ይበልጣል። ባልታሰበ ጊዜ የሚታጠፍ ስለት ጣት ይቆርጣል፤ የደነዘዘ ስለትም ብዙ ኀይል ስለሚጠይቅ እጅ አድጦት ቆዳውን ይበሳዋል።

የበግና የፍየል ቆዳ ዋጋ ከሚወድቅባቸው ምክንያቶች አንዱ በመግፈፍ ጊዜ የሚደርስበት ጭረትና ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ጫፉ እጅግ የሾለ ስለት አይመረጥም፤ ወደ ጫፉ ክብ ሆኖ የዞረው ይሻላል። ሰንጢውም ቆዳውን ለመክፈት ያህል ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚበዛው ሥራ የጡጫ ነው።

ገዢ በመጀመሪያ ማየት የሚገባው ማጠፊያውን ነው። ሰንጢው ተከፍቶ ስለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢወዛወዝ ውበቱ ምንም ቢሆን ይተው። በስዊስ አገር ካርል ኤልዘነር በ1897 በአውሮጳ አቆጣጠር ያስመዘገበው ብዙ መሣሪያ ያለው የመኰንን ሰንጢ ስለቱን የሚይዘው በመወጠሪያ ብረት እንጂ በመቆለፊያ አልነበረም። መቀሱና ጠርሙስ መክፈቻው ለጽሕፈት ቤት ሰው ደስ ያሰኛል፤ ለአርቢ ግን አንድ ጠንካራ ስለት ይበቃዋል። ዮሴፍ ኦፒኔል በ1890 በፈረንሳይ ሳቮያ መሥራት የጀመረው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ በ1955 የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨምሮለት ስለቱ ተከፍቶ እንዲቆለፍ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እንጨቱ ግን ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አላወጣ ይላል።

ስለ ብረቱም ዓይነት ማሰብ ያስፈልጋል። ተራው አረብ ብረት በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ይዝጋል። በሐርጌሳ ደረቅ አየር ዘይት እየተቀባ ሊቈይ ቢችልም፥ ከብቶቹን ለመርከብ ወደ በርበራ ወደብ የሚያወርድ ሰው የባሕሩን ጨዋማ አየር አስቦ የማይዝገውን ቢገዛ ይሻለዋል። የማይዝግ የሚባለውም ቢሆን ደምና ጨው ከቈየበት ይበላሻልና ሳይታጠብ አይታጠፍ።

ስለ ዋጋ፥ ለምሳሌ በዓመቱ የሚሰበር ርካሽ ሰንጢና ሦስት እጥፍ ተከፍሎበት አሥር ዓመት የሚያገለግል ሰንጢ ቢነጻጸሩ፥ ርካሹን የመረጠ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል። ይሁን እንጂ ሰንጢ በየጊዜው የሚጠፋበት ሰው መካከለኛውን ቢገዛ አይነቀፍም።

ማጠፊያው ደምና ስብ ስለሚይዝ ብዙ ከብት ለሚያርድ ሰው የማይታጠፍ ቢላዋ ይመረጣል። ሰንጢ ብቻ ያለው በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቦ፥ ተከፍቶ ሳለ ያድርቀው፤ በማጠፊያውም ላይ ጥቂት ዘይት ያንጠብጥ። በድንገት ወድቆ የሞተና ከአፍንጫው ጥቁር ደም የሚወጣ እንስሳ ግን አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ስለሚችል በማናቸውም ስለት አይከፈት፤ ሳይነካ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።