«ጉልህ ፊደል» ስለሚለው ስያሜ

ለማስታወቂያ፣ ለታፔላና ለመጽሐፍ ሽፋን በእጅ ተሥሎ የሚዘጋጀውን ወፍራምና ተጫዋች የፊደል መልክ ወደ አማርኛ ስንመልስ «ትልቅ ፊደል»፣ «ደማቅ ፊደል» ወይም «የጌጥ ፊደል» የሚሉ አቻዎች በቅድሚያ ወደ አእምሮ ይመጣሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው መጠንን፣ ሁለተኛው የመስመርን ውፍረት፣ ሦስተኛው ውበትን እንጂ ዋናውን ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለትም ተግባርን፣ አይገልጹም። የዚህ ፊደል ተግባር ከሩቅ ዐይንን መሳብ ነው። ስለሆነም «ጉልህ ፊደል» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን።

ለማብራሪያ «ኩፐር ብላክ» የተባለውን የላቲን ፊደል እንውሰድ። የሣለው አሜሪካዊው ኦስዋልድ ኩፐር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ለገበያ ያወጣው በቺካጎ የብረት ፊደል ያመርት የነበረው ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለ ድርጅት ነው። ፊደሎቹ ኩፍ እንዳለ ሊጥ የተነፉ፣ ጫፋቸውም ሆነ እግራቸው የተድቦለቦለ ነው። ክብደታቸው ያስተዋውቃል፤ ክብነታቸው ፈገግ ያሰኛል። ከዚህም የተነሣ በማስታወቂያ ሥራ ተወደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» የሙዚቃ አልበም ሽፋንም የተጻፈው በእነርሱ ነው። ነገር ግን የውስጥ ክፍተታቸው ጠባብ ስለሆነ፣ በትንሽ መጠን ሲታተሙ ቀለም ይደፍነዋል። ለረጅም ንባብ አይመቹም።

ይህ ጉድለት በእኛ ፊደል ላይ ይብስበታል። የላቲን ፊደል ክፍተቱ ቢደፈንም አንባቢው ከጠቅላላው የቃል ቅርጽ ሊገምት ይችላል። በግእዝ ፊደል ግን ሣልስንና ኀምስን የሚለየው በእግር ላይ ያለች ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ሣልሱ አጭር ሰረዝ፣ ኀምሱ ቀለበት አለው። ቀለበቷ ከተደፈነች «ሼህ» የሚለው «ሺህ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ወይን»ና «ዐይን»ም የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ሆድ ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ብቻ ነው። እንግዲህ የግእዝን ጉልህ ፊደል የሚሥል ሰው በቅድሚያ ሊጠብቃቸው የሚገቡት እነዚህ ክፍተቶች ናቸው፤ አካሉን የቱንም ያህል ቢያወፍር፣ ቀለበቱንና ሰረዙን ማጥበብ የለበትም።

የስያሜው ልዩነት ለመዝገበ ቃላት ሥራም ይጠቅማል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ አንባቢው የቃሉን አጻጻፍ የሚያረጋግጠው ከመሪው ቃል ነው። ተርጓሚው «መሪ ቃላት በደማቅ ፊደል ይታተሙ» ማለት ሲገባው «በጉልህ ፊደል» ቢል፣ ለማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ፊደላቱ ሊምታቱ የማይገባቸውም እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

በማጠቃለያ የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፤

ጉልህ ፊደል፦ ለርእስ፣ ለማስታወቂያና ለታፔላ በትልቅ መጠን የሚያገለግል የፊደል መልክ።

የንባብ ፊደል፦ ለተከታታይ ጽሑፍ በትንሽ መጠን የሚያገለግል የፊደል መልክ።

ደማቅ ፊደል፦ የንባብ ፊደል ሆኖ መስመሩ ብቻ የወፈረ።

ከእነዚህ የተሻለ ስያሜ ያላቸው አንባብያን ሐሳባቸውን እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን።