የሞተር መጋዝ ጥንቃቄ ከማስነሻው ገመድ ይጀምራል

በደቡብ አዲስ አበባ የምትገኘው ላፍቶ ስሟ የዛፍ ስም ነው፤ በኦሮምኛ ላፍቶ ማለት ግራር ነው። በአካባቢውም ሆነ በዙሪያው ባለው ገጠር ለቤት ሥራ፣ ለአጣናና ለማገዶ በብዛት የሚቆረጠው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ቀድሞ ይህን ዛፍ ለመጣል መሣሪያው መጥረቢያና ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበው መጋዝ ነበር። በተለምዶ ቼይንሶ የሚባለው የሞተር መጋዝ ይህን ድካም አቃሎታል። ይሁን እንጂ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ፣ እግር ያገኘ እንደሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ዛፉ ሲወድቅ ነው። አደጋው ግን ገመዱ ሲሳብ ይጀምራል። ምክንያቱም ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ ነዳጅ መስጫው በከፊል ተከፍቶ ስለሚቆይ፣ ሞተሩ በተነሣበት ቅጽበት ፍሬኑ ካልተያዘ ሰንሰለቱ ይዞራል። ስለዚህ መጋዙን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ወደ ታች እየወረወሩ በሌላው እጅ ገመዱን የመሳብ ልማድ ፈጽሞ መቅረት አለበት። በአንድ እጅ የተያዘ መጋዝ ሲነሣ ዞሮ የሚመታው የያዘውን ሰው እግር ነው።

ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ማስነሣት ይገባል። በአቅራቢያው ሲጋራም ሆነ እሳት መኖር የለበትም።

2ኛ/ የሰንሰለቱ ሽፋን ይወልቃል፤ ከፊት እጀታው በላይ ያለው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ተገፍቶ የሰንሰለቱ ፍሬን ይያዛል።

3ኛ/ መጋዙ ደልዳላ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሰንሰለቱ መሬት፣ ድንጋይም ሆነ ቅርንጫፍ መንካት የለበትም። ሰዎችና ሕፃናት ይርቃሉ።

4ኛ/ የቀኝ ጫማ ጫፍ በኋላ እጀታው ውስጥ ይገባል፤ ግራ እጅ ክንዱን ዘርግቶ የፊት እጀታውን አውራ ጣት ከሥር አዙሮ አጥብቆ ይይዛል።

5ኛ/ ቀኝ እጅ ገመዱን እስኪከብድ ድረስ ቀስ ብሎ ከሳበ በኋላ ፈጠን አድርጎ ይስባል። ገመዱ እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ ሲመለስም ተለቆ አይወረወርም።

6ኛ/ ሞተሩ እንደተነሣ የነዳጅ ቃታው አንድ ጊዜ ተነክቶ ይለቀቃል፤ ሞተሩም ወደ ዝቅተኛ ዙሩ ይመለሳል። ፍሬኑ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ፣ መጋዙ በሁለት እጅ ተይዞ ነው። ቃታው ሳይነካ ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ መጋዙ ሳይስተካከል ሥራ ላይ አይውልም።

የሞቀን ሞተር፣ ፍሬኑ እንደተያዘ፣ የኋላ እጀታውን በሁለት ጭኖች መካከል አጥብቆ ይዞ ማስነሣትም ይቻላል።

የማኅበራት መሪዎች ኃላፊነት እዚህ ላይ ነው። የጋራ መጋዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ተጠያቂ አይኖረውም። ስለሆነም ሥልጠና ያገኘ ሰው ተለይቶ ሊመደብ፣ ጠንካራ ጫማ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ የራስ ቁርና ሰንሰለት የሚያቆም ሱሪ ከመጋዙ ጋር አብሮ ሊገዛ ይገባል። ያልሠለጠነ ወጣት ገመዱን እንዳይነካ መከልከልም የመሪው ድርሻ ነው።

የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የገበሬ እግር ግን አያቆጠቁጥም።