ድምፁ ሳይሰለች ይደግማል

ደባርቅና ዳባት አካባቢ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ወላጆች የሚያስታምሙ ሰዎች፣ እኔን የአእምሮ ጤና ነርሷን «ስልክ ይጎዳቸዋል ወይ?» ይሉኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። የእኛም አረጋውያን ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ሕመሙ አስቀድሞ የሚነጥቀው የቅርቡን ነው፤ የልጅ ድምፅ ግን ብዙ ይቆያል። ስለዚህ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት፣ ፊደል ላልቆጠሩት በተለይ፣ ይስማማቸዋል። ዓረብ አገር ያለች ልጅ «እማ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መድኃኒትሽን ዋጪ» ብላ ትልካለች። እናት ደጋግማ ብትጠይቅ ስልኩ ደጋግሞ ይመልሳል፣ አይቆጣም። የኢሞ ቪዲዮ ግን ሕመሙ ሲገፋ ያስቸግራል። ልጃቸው ደጅ የቆመች መስሏቸው «ግቢ እንጂ» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ምስሉ ሲጠፋ ፈልገው ያጧትና ያለቅሳሉ። ለእነሱ ድምፅ ብቻ ይሻላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ «ልጄን ሞት ወስዷት ደብቃችሁኝ ነው» እያሉ የተጨነቁ ነበሩ። ስልኩ ላይ የወረደ ድምፅ ያለ ኢንተርኔትም ይሰማል፤ ስለዚህ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

እንግሊዛዊቷ ዌንዲ ሚቼል እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ58 ዓመቷ፣ ሕመሙ እንዳለባት ከተነገራት በኋላ መጽሐፍ ጽፋለች፤ ለመናገር ቃል ሲጠፋባት መተየብ ይቀላት ነበር። የእኛ አረጋዊ ባይጽፉም የሚሉት አላቸው። ማንን ማናገር እንደሚፈልጉ ጠይቃችሁ፣ መቅጃውን ያዙላቸው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ አያት አንዱን ጥያቄ ሲደጋግሙ ቀርጾ ለሳቅ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነው። ፈቃዳቸውን ማን ጠየቀ? ያሳደጓችሁን ሰው ለማያውቃቸው ሁሉ መሳለቂያ ማድረግ ነውር ነው።

ፈቃድ ሳይጠየቅም መለጠፍ ግድ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ሲጠፉ። ብዙዎቹ ወደ ልጅነት መንደራቸው ለመመለስ ይወጣሉ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደባርቅ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ይከፋል። «አፋልጉን» ስትሉ እስኪመሽ አትጠብቁ። የለበሱትን ልብስ፣ የልጅነት መንደራቸውን ስምና የምትገኙበትን ስልክ ጻፉ። ስለ ሕመማቸው «ይረሳሉ» ማለት ይበቃል። ሲገኙ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ፎቷቸውን ከገጹ አንሡት።