ልጅ ሲዘገይ ባልም ይመርመር

ልጅ የአላህ ስጦታ ነው። ስጦታው ሲዘገይ ግን ጣታችንን ወደ ሚስት ብቻ እንቀስራለን፤ ሳናጣራም እስከ ፍቺ እንደርሳለን። ይህ በደል ነው፤ ምክንያቱ ከባል ሥራ ሊመነጭ ይችላልና።

በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት ሲቀልጥ በጢሱና በአቧራው ወደ ሳንባ፣ ባልታጠበ እጅ ደግሞ ከምግብ ጋር ወደ ሆድ ይገባል። በደም ውስጥ ሲበዛ የወንዱን የዘር ህዋስ ቁጥር ይቀንሳል፤ እንቅስቃሴውንም ያዳክማል። በአጥንት ውስጥም ለዓመታት ይከማቻል።

ባትሪ የምትጠግኑ ወንድሞች! ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የሥራ ልብሳችሁን እዚያው ለውጡ፤ አቧራው ለቤት ልጆችም ጠንቅ ነው። ልጅ ከዘገየም ባልና ሚስት አብረን እንመርመር። ሰበቡን ማድረስ ከእኛ፣ ውጤቱ ከአላህ ነው።