ግራና ቀኙ የተለቀመው ጨው

የወይን ጠጅ ሲብላላና ሲቀመጥ በርሜሉ ውስጥ ደለል ይጋግራል። ታርታሪክ አሲድ የሚወጣው ከዚያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን በአልሳስ፣ ታን በምትባል ከተማ፣ ከአንድ ፋብሪካ እንግዳ አሲድ ተገኘ። ኬሚስቶች ሲመረምሩት የንጥረ ነገሮቹ ዓይነትና መጠን ከታርታሪክ አሲድ ጋር አንድ ሆነ። ራሴሚክ አሲድ ተባለ።

ልዩነታቸው ጎልቶ የወጣው በብርሃን ሲፈተኑ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዣን ባፕቲስት ቢዮ እ.ኤ.አ. በ1815 እንዳሳዩት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የተጣራ ብርሃን በስኳር ውኃ ውስጥ ሲያልፍ የርግብግቢቱ አቅጣጫ ይዞራል። የታርታሪክ አሲድ ውኃም ወደ ቀኝ ያዞረዋል። የራሴሚክ አሲድ ግን ንቅንቅ አያደርገውም። በ1844 ጀርመናዊው ኬሚስት አይልሃርት ሚቸርሊህ የሁለቱን አሲዶች የሶዲየምና አሞኒየም ጨው አስተያይተው ነገሩን ይበልጥ አወሳሰቡት፤ የክሪስታላቸው ቅርጽና ማዕዘን ሳይቀር አንድ ነው አሉ።

ጥያቄው የ25 ዓመቱን ሉዊ ፓስተርን ያዘው። በ1848 ፓሪስ በሚገኘው ኤኮል ኖርማል ላቦራቶሪ ውስጥ የታርታሪክ ጨዎችን ክሪስታል ሲመረምር፣ ሌሎች ሳያስተውሉት ያለፉትን አየ፤ ከጠርዛቸው ላይ የተሸረፈች የምትመስል ትንሽ ገጽ አለች፣ ሁልጊዜም ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ብርሃኑ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ ብርሃን የማያዞረው የራሴሚክ ጨው ይህች ገጽ አትኖረውም ብሎ ገመተ።

ሲያየው ግን አለችው። ግምቱ የፈረሰ መሰለ። ክሪስታሎቹን አንድ በአንድ ወደ ራሱ እያዞረ ቢመለከት፣ በገሚሶቹ ላይ ገጿ ወደ ቀኝ፣ በገሚሶቹ ላይ ወደ ግራ አዘንብላለች። እንደ ሁለት እጆቻችን ይመሳሰላሉ፤ ቢደራረቡ ግን አይገጥሙም።

ለቅሞ በሁለት ወገን ለያቸው፤ ለየብቻ በውኃ አሟሟቸው። የቀኞቹ ብርሃኑን ወደ ቀኝ አዞሩት፣ የግራዎቹ በዚያው ልክ ወደ ግራ። እኩል ቢቀላቅላቸው ብርሃኑ ባለበት ጸና። ራሴሚክ አሲድ እርስ በርስ የሚሻሩ የሁለት ወገኖች ድብልቅ ነበር። ዕድልም አግዞታል፤ ይህ ጨው ግራና ቀኙን ለይቶ ክሪስታል የሚሠራው ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲሆን ነው።

የ74 ዓመቱ ቢዮ ወሬውን ሲሰሙ በቀላሉ አላመኑም። ወጣቱን አስጠርተው፣ አሲዱን፣ ሶዳውንና አሞኒያውን ራሳቸው ሰጥተው ዓይናቸው እያየ አሠሩት። ክሪስታሉ ሲደርስ ፓስተር ለየላቸው፤ የብርሃኑን ፈተና ግን እርሳቸው ያዙት። መጀመሪያ የፈተኑት የግራውን ነበር። ብርሃኑ ወደ ግራ ሲዞር ባዩ ጊዜ በስሜት የፓስተርን ክንድ ያዙ።

ክሪስታል በውኃ ሲሟሟ ቅርጹ ይጠፋል፤ ብርሃን ማዞሩ ግን አልቀረም። እንግዲያው ግራና ቀኙ ያለው በሞለኪውሉ ውስጥ ነው። እንዴት? መልሱን በ1874 የ22 ዓመቱ ሆላንዳዊ ያኮቡስ ቫንት ሆፍና ፈረንሳዊው ጆሴፍ ለ ቤል በየፊናቸው አመጡት፤ የካርቦን አራት ትስስሮች ወረቀት ላይ እንደሚሣሉት ጠፍጣፋ አይደሉም፣ ወደ አራቱ የቴትራሄድሮን ጫፎች ተዘርግተዋል። የላክቲክ አሲድን መካከለኛ ካርቦን እንይ፤ ሃይድሮጅን፣ ሃይድሮክሲል፣ ሜቲልና ካርቦክሲል ይዟል። አራቱም ስለሚለያዩ በሁለት መንገድ ሊሰደሩ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ከአራቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ግን ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አይኖርም። ተማሪዎች ዛሬ ካይራል ካርቦን የሚሉት ይህንን አራት የተለያዩ ነገሮች የያዘ ካርቦን ነው።

ሕይወት ያለው ነገር ሁለቱን ለይቶ እንደሚያውቅም ያሳየው ፓስተር ነው፤ ሻጋታ የራሴሚክ ጨው ሲቀርብለት የቀኙን በልቶ የግራውን ተወ። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይም ይኸው ልዩነት አለ። ኦፍሎክሳሲን የሁለቱ ወገኖች ድብልቅ ነው፤ ሌቮፍሎክሳሲን ደግሞ ባክቴሪያን በብርቱ የሚያጠቃው አንደኛው ወገን ብቻውን ተለይቶ የተዘጋጀበት ነው።