ዓይን የሚያቀላው የገንዳ ውሃ

ዋና ልብንና ሳንባን የሚያበረታ፥ መገጣጠሚያን ሳያስጨንቅ መላ አካልን የሚያፍታታ ስፖርት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሕዝብ መዋኛ የሚሄዱ ደንበኞች ዓይናቸው ቀልቶ፥ ጉሮሯቸው ከርክሮ ሲወጡ «ክሎሪን አብዝተውብን ነው» እያሉ ሠራተኞቹን ሲወቅሱ ይሰማል።

ወቀሳው ብዙ ጊዜ ስፍራውን የሳተ ነው። በልኩ የተጨመረ ክሎሪን በንጹሕ ገንዳ ውስጥ ሽታው እምብዛም አይታወቅም። ላብና ሽንት ሲቀላቀሉበት ግን ከእነርሱ ጋራ ተዋሕዶ ክሎራሚን የሚባለውን ይፈጥራል። አፍንጫን የሚሰነፍጠው፥ ዓይንንም የሚለበልበው ይኸው ነው። በዚህም ላይ ክሎሪኑ ኃይሉን በእድፉ ስለሚጨርስ ተሕዋስያንን ለመግደል ይደክማል።

ክሎሪን በልኩ ቢኖርም ቶሎ የማይበገር ተሕዋስ አለ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው የተቅማጥ ጥገኛ በገንዳ ውሃ ውስጥ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በዩታ ግዛት ከ1,000 በላይ ሰዎች በዚሁ ደዌ ታመዋል፤ መዋኛዎችም ዋነኛ መተላለፊያ ስለ ነበሩ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለጊዜው ከሕዝብ ገንዳ ታግደው ነበር።

ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፤

1ኛ/ ወደ ገንዳው ከመግባታችሁ አስቀድሞ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ገላችሁን ታጠቡ።

2ኛ/ ተቅማጥ የያዘውን ሰው፥ ይልቁንም ሕፃንን፥ ወደ ገንዳ አታስገቡ።

3ኛ/ ልጆችን በየሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ውሰዱ።

4ኛ/ የገንዳውን ውሃ አትዋጡ።

5ኛ/ የገንዳው ወለል ጥርት ብሎ ካልታየ አትግቡ፤ ለኃላፊውም አስታውቁ።

ሠራተኛው መድኃኒቱን በልኩ ሊጨምር፥ ዋናተኛውም ገላውን አጥርቶ ሊገባ ግዴታ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ቢጓደል ጉዳቱ የሚደርሰው በሁሉም ላይ ነውና።