እንደ ገና የጀመረው ሻምፒዮን

በልጅነቱ የሚያደንቀው ሰው ያልነበረው ማን ነው? አንዱ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲወራ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሌላው የኳስ ተጫዋች ሥዕል ከጋዜጣ ቆርጦ በደብተሩ ልባስ ላይ ይለጥፋል። እኔ የማደንቀው ሰው ግን ሯጭም ኳስ ተጫዋችም አልነበረም። አራት ትንንሽ ጎማ በተገጠመላት ጣውላ ላይ ቆሞ የሚጫወት፥ ሮድኒ ሙለን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዛሬ ስለ እርሱ ላጫውታችሁ የተነሣሁት የልጅነት ፍቅሬን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ተማሪ ለሆናችሁትም፥ ቢሮ ገብታችሁ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ለተቀበላችሁትም የሚሆን ቁም ነገር በታሪኩ ውስጥ ስላገኘሁ ነው።

ይህች ጣውላ ስኬትቦርድ ትባላለች። ርዝመቷ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መሪ የላትም፤ ፍሬን የላትም፤ እግርን አጥብቆ የሚይዝ ጠፍርም የላትም። ከተጫዋቹ እግር ሥር እንዳትሸሽ የሚያደርጋት የራሱ ሚዛን ብቻ ነው።

ሙለንን ያወቅሁት በቅርብ አይቼው አይደለም። በልጅነቴ በሰፈራችን ጌም ቤት ከጓደኞቼ ጋር ሳንቲም አዋጥተን፥ በቶኒ ሆክ ስም የተጠራውን የስኬትቦርድ ጨዋታ እንጫወት ነበር። ሆክ በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል ዞሮ በእግሩ በማረፉ ስሙ በዓለም የገነነ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ ሁሉ «ሆክ የእኔ ነው!» እያለ ይሻማ ነበር። እኔ ግን ሙለንን እመርጥ ነበር። ሆክ ከትልቅ መወጣጫ ተወርውሮ ሰማይ ሊነካ ሲቃረብ፥ ሙለን ምንም በሌለበት ደልዳላ መሬት ላይ ጣውላዪቱን በእግሮቹ መካከል ያገላብጣታል፤ በጎኗ ያቆማታል፤ ደግሞም በጀርባዋ ያንሸራትታታል። ካደግሁ በኋላ የእውነተኛውን ሰው ፊልምና የሕይወት ታሪክ ባገኘሁ ጊዜ፥ አድናቆቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሙለን የተወለደው በ1966 በፍሎሪዳ ነው። አባቱ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ጣውላ እንዲገዛለት አጥብቆ ቢለምናቸው፥ ክፉኛ በተጎዳ ዕለት ጨዋታውን እንዲተው ውል አስገብተው ፈቀዱለት። መለማመድ የጀመረው በ1977 የመጀመሪያ ቀን ነው። ቤተ ሰቡ ከከተማ ወጣ ባለ የእርሻ ቦታ ይኖር ስለ ነበር፥ መወጣጫ የለ፥ ጓደኛ የለ፤ የነበረው የመኪና ማቆሚያው የሲሚንቶ ወለል ነው። በዚያች ወለል ላይ ብቻውን ሲወድቅና ሲነሣ ቆይቶ፥ በ1980 ካሊፎርኒያ ሄዶ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ስቲቭ ሮኮን አሸነፈ። ያን ጊዜ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር።

ስሙን ከዋንጫው ይልቅ ያስጠራው ግን የፈጠረው ነገር ነው። አለን ጌልፋንድ የሚባል ሌላ የፍሎሪዳ ልጅ በ1970ዎቹ መጨረሻ፥ በጎድጓዳ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ጣውላዋን በእጁ ሳይዝ አብራው የምትነሣበትን ዘዴ አግኝቶ ነበር። ይህ ዘዴ «ኦሊ» ይባላል። ሙለን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ በደልዳላ መሬት ላይ እንዲሠራ አደረገው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ በኋለኛው እግሩ የጣውላዋን ጭራ ከመሬት ጋር ያጋጫል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ትነሣለች፤ ወዲያው የፊተኛው እግር ወደ ፊት ተንሸራቶ ያስተካክላታል፤ ሰውና ጣውላም አብረው በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ጣውላዋ በአየር ላይ ተገልብጣ ወደ እግር የምትመለስበትን «ኪክፍሊፕ» የተባለውንም የፈጠረው እርሱ ነው።

እንግዲህ የታሪኩ ከባድ ክፍል እዚህ ላይ ይመጣል። ሙለን የሚወዳደርበት ዓይነት፥ ማለት በደልዳላ መድረክ ላይ በሙዚቃ የሚታየው ጨዋታ፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመልካች አጣ። ወጣቱ ሁሉ ወደ ጎዳናው፥ ወደ ደረጃውና ወደ ብረት መደገፊያው ሄደ። ዐሥር ዓመት ያህል የገባበትን ውድድር ሁሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ያሸነፈ ሰው፥ በ25 ዓመቱ ሙያው ከእጁ ላይ ጠፋበት። የሚያስገርመው ነገር፥ የጎዳናው ልጆች የሚዘሉት እርሱ በፈጠረው በኦሊ ነበር!

በእርሱ ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? የድሮ ዋንጫዎቻችንን እየቆጠርን ዘመኑን መራገም ቀላል ነው። ማይክ ተርናስኪ የሚባል የጣውላ ኩባንያ መሪ ግን፥ ሙለን የጎዳናውን ጨዋታ እንዲሞክር አጥብቆ መከረው። ሻምፒዮኑም የለመዳትን ጠባብ ጣውላ ትቶ፥ በዕድሜ ከእርሱ ከሚያንሱ ልጆች መካከል እንደ ጀማሪ ቆመ። በ1992 በወጣው የኩባንያው ፊልም ላይ ሲታይ፥ የጥንቱን ጥበብ ወደ ጎዳናው ይዞ መግባቱን ሁሉም አየ። በኋላም በመውደቅ ብዛት የዳሌው መገጣጠሚያ በጠባሳ ታስሮ እግሩ አልታዘዝ ባለው ጊዜ፥ ለማላቀቅ ዓመታት ታገለ፤ ከዚያም አቋቋሙን ከሥር ጀምሮ ተማረ።

«ይህ ሁሉ ለልጅ ጨዋታ ነውን?» የሚል አይጠፋም። ጨዋታው ግን አድጓል። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ስኬትቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ፥ ጃፓናዊው ዩቶ ሆሪጎሜ በተወለደበት ከተማ በጎዳና ውድድር የወርቅ ሜዳይ ወሰደ። በእኛም አገር በ2016 አዲስ አበባ ላይ የስኬትቦርድ መጫወቻ ተከፍቷል። በቶኪዮ የተወዳደረውም ሆነ በአዲስ አበባ ጣውላ የያዘው ልጅ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለማመደው ያንኑ ኦሊ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ዛሬ የሚማሩት ሙያ ነገ ይጠቅማቸው እንደ ሆነ ይጠይቁኛል፤ በቢሮ ያሉት እኩዮቼም አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያስባሉ። ነገ የሚሆነውን እኔም አላውቅም። ሆኖም የሙለንን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። የሚወዳደርበት መድረክ ፈርሷል፤ በሲሚንቶው ወለል ላይ ብቻውን የተማረው ነገር ግን አብሮት ወደ ጎዳናው ወጥቷል። ይህም የሆነው ሻምፒዮን ተብሎ ከከበረ በኋላ፥ እንደ ጀማሪ በሰው ፊት ለመውደቅ ስላላፈረ ነው። በልጅነቴ የወደድሁት ጣውላዋን ሲያገላብጣት አይቼ ነበር፤ ዛሬ በእርሱ ዕድሜ ላይ ደርሼ የማደንቀው ስለዚህ ድፍረቱ ነው።